አባቴ ታማሚ አልነበረም

በ1989 ዓ.ም. አባቴ ሲቀበር የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ለልጆቼ ላሳትም ፈልጌ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሳሪስ አቦ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ልጁ ከፈተውና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛም እንግሊዝኛም አይደለም!»

እውነቱን ነው። የፈረንጅ ፊደልና የዶላር ምልክት ክምር ሆኗል። በዕድሜው ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቀው አባቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቤት አልነበረውም፤ በላቲን ፊደል ቦታ ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። የድሮው ፎንት ከሌለ አከራዩ ብቅ ይላል። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቀደመው ጽሑፍ ግን በራሱ እግር ወደ አዲሱ ቤት አይሄድም፤ ፊደል በፊደል የሚያሻግረው ይፈልጋል።

ልጁ በመቀየሪያ ፕሮግራም አሻገረልኝ። አማርኛው ተመለሰ፤ ደስ አለኝ። ማታ ለእናቴ ሳነብላት «ታማሚ ሠራተኛ ነበር» የሚል ላይ ደረስኩ።

«ኧረ በስመአብ! አንድ ቀን እንኳ ራሴን ብሎ አያውቅም!»

ለካ «ኝ» በነበረበት ሁሉ «ሚ» ገብቷል። «ታማኝ» ነበር የተጻፈው።

እኔስ እናት አለችኝ። በየመሳቢያው የቀረውን የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ያርመዋል? የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ብናሻግረው ምናለ?