ዉድዋርድ ላይ ስለ ፒቲ ክሩዘር የሰማሁት

ዉድዋርድ ከዲትሮይት ወንዝ ዳር ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ እስከ ፖንቲያክ የሚዘልቅ ሰፊ ጎዳና ነው። በየዓመቱ በኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ ያለው ክፍሉ የመኪና ወዳጆች መዋያ ይሆናል። በዓሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ታጣፊ ወንበሩን መንገድ ዳር ዘርግቶ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ካዲላክ፣ ሙስታንግና ኮርቬት ሲያልፍ ያያል። እኔ የምፈልጋት ግን ማንም ቆሞ ፎቶ የማያነሳትን የክራይስለር መኪና፣ ፒቲ ክሩዘርን ነበር።

የፈለግኋት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሳውዝፊልድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ባለቤቱ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች፤ እስካሁን የምታመላልሰው በትንሽ የቤት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጋሼ አንዲት የ2007 ፒቲ ክሩዘር በርካሽ ተገኝታለት ልቡ ተከፍሎ ነበር። «አንተ እንደሆንክ ሰው ማናገር ታውቃለህ፤ እስቲ የነዷትን ሰዎች ጠይቅልኝ። ሻጭማ ሁሌም ደህና ናት ነው የሚለው» አለኝ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ሮያል ኦክ ውስጥ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ የመጀመሪያዋን አገኘሁ። ወርቃማ ናት። ክራይስለር በ2002 በዚሁ በዓል ስም «ድሪም ክሩዘር» ብሎ ካወጣቸው መኪኖች አንዷ ስለሆነች ዉድዋርድ ላይ እንግዳ አይደለችም። ባለቤቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር የነበሩ ጡረተኛ ሴትዮ ናቸው። ምን እንደሚወዱላት ስጠይቃቸው በቃል አልመለሱም፤ ከወንበራቸው ተነስተው በሩን ከፈቱና ጀርባቸውን ሰጥተው ዞር ብለው ቁጭ አሉ። ጉልበታቸው ብዙም አልታጠፈም፣ እግራቸውንም ከፍ ማድረግ አላስፈለጋቸውም። ዳሌያቸው በቀዶ ሕክምና የተተካ ሰው ናቸው። «በቤት መኪና ገደል እንደመግባት ነው፣ በትልቁ ደግሞ መሰላል ያስፈልገኛል። እዚህ ግን ወንበሩ ራሱ ቁመቴን ይጠብቀኛል» አሉኝ።

ይህን ደጋግሜ ስለሰማሁት አልጠራጠረውም። መኪናዋ ርዝመቷ 4.29 ሜትር ብቻ ሆኖ ቁመቷ 1.60 ሜትር ያህል ነው። ሠሪዎቹ ርዝመቷን አሳጥረው ጣሪያዋን ከፍ ስላደረጉት ተሳፋሪው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ኮፍያም አይወልቅም። ቅርጿ የ1930ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች ያስታውሳል፤ ያበጡ ፓራፋንጎዎች፣ ወደ ፊት የሾለ አፍንጫና የቆመ የፊት ፍርግርግ አላት። ውስጧም እንደዚያው ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ከውጩ ቀለም ጋር አንድ ዓይነት የተቀባ ንጣፍ አለ፣ የእጅ ማርሽ ያላት ደግሞ የማርሽ ዘንጓ ጫፍ ነጭ የቢሊያርድ ኳስ ይመስላል። ሴትዮዋ ንጣፉን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ከሃያ ዓመት በላይ ፀሐይ ተመትቶ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ስለ ቅሬታቸው ስጠይቃቸው ሳያመነቱ ቀኝ እጃቸውን ወደ ዳሽቦርዱ መሀል ዘረጉ። የፊት መስኮቶች መክፈቻና መዝጊያ በበሩ ላይ አይደለም፤ እዚያ መሀል ላይ ነው። የኋላዎቹ ደግሞ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ከኋላ በኩል ተሰክተዋል። «ክፍያ ጣቢያ በደረስኩ ቁጥር ግራ እጄ በሩን ይዳስሳል» አሉ። ከዚያ የባሰባቸው ግን አዟዟሯ ነው። ትንሽ ሆና ሳለ ለመዞር ሰፊ ሜዳ ትፈልጋለች፣ በተለይ ትልልቅ ጎማ የተገጠመላት። ጠባብ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ አትዞርም፤ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና መሞከር ግድ ነው። ከጎን የቆመ የእሳቸው ጎረቤት «የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነች እንጂ ሌላው አይችላትም» አለ። እሳቸውም አልተቃወሙትም።

ከበርክሌይ ዝቅ ብሎ ሣር ላይ የኋላ በሯን ከፍቶ የቆመ አንድ ከበሮ መቺ አገኘሁ። እዚህ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም የጋሼን ጥያቄ በትክክል የሚመልስልኝ እሱ ነበር። የኋላ ወንበሮቹ ሁለት ክፍል ናቸው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ። መጀመሪያ መደገፊያውን አጠፈ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ፊት ገለበጠው፣ ቀጥሎ ከታች ያለውን መያዣ ስቦ ነቅሎ አወጣው። ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች ስላሉት መሬት ላይ ጎተተው እንጂ አልተሸከመውም። ሰፊውን ሲያወጣ ግን አቃሰተ፤ ከባድ ነው። ሁለቱም ሲወጡ ወለሉ ሜዳ ሆነ። የፊት ተሳፋሪውን ወንበር መደገፊያ ወደ ፊት ሲያጥፈው ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላ በሩ ድረስ አንድ መስመር ተከፈተ። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን መሰላል በሩ ተዘግቶ ይገባል አለኝ፤ ሚስቱ ቤት ቀለም ስትቀባ የጫነችው እሱን ነው። ከኋላ ያለው መደርደሪያም በአምስት የተለያየ ቦታ ይሰካል። ወደ ውጭ ሲወጣ ጠረጴዛ ይሆናል፤ እኔ በደረስኩ ሰዓት ሳንድዊቹ ላዩ ላይ ነበር።

ይህ ምቾት ግን ከደንበኛ ፍላጎት ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አንድ አምራች በዓመት የሚያወጣቸው መኪኖች በአማካይ በጋሎን ስንት ማይል መሄድ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ፒቲ ክሩዘር በወጣችበት ጊዜ ለቤት መኪና 27.5 ማይል፣ ለቀላል ጭነት መኪና ደግሞ 20.7 ማይል ነበር። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ወለሏ ሜዳ የሚሆን መኪና በዚያን ጊዜው ሕግ ከጭነት መኪና ጋር ልትመደብ ትችል ነበር። ክራይስለር ብዙ ፒክአፕና ትልልቅ መኪና ይሸጥ ስለነበር፣ ከእነሱ ያነሰ ነዳጅ የምትጠጣ አንዲት መኪና እዚያው ምድብ ውስጥ ስትገባለት አማካዩ ከፍ አለለት። ከበሮ መቺው ዛሬ ከበሮውን የሚጭንበት ሜዳ ወለል የዚህ ስሌት ትሩፋትም ጭምር ነው። ስነግረው አላወቀም ነበር፤ «ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ለእኔ ሠርቶልኛል» አለኝ።

ለሕጉ ስሌት ብትጠቅምም ነዳጅ ላይ ግን ባለቤቶቿን አታስደስትም። 2.4 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 1,400 ኪሎ ያህል ክብደት ይጎትታል፤ የቆመ ቅርጿም ነፋስ ይጋፋል። ከበሮ መቺው ከተማ ውስጥ በጋሎን 20 ማይል ካገኘ ደስ ይለዋል፤ በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ መሆኑ ነው። ለዚህች ትንሽ መኪና ፍጆታው ብዙ ነው። ጉልበቷ ያነሰባቸው ሰዎች በ2003 የወጣችውን ቱርቦ ገዝተዋል፤ እሷ ፈጣን ናት፣ የነዳጅ ፍላጎቷ ግን ከዚህም ይብሳል። ከ2005 እስከ 2008 ጣሪያዋ የሚከፈት ዓይነትም ነበር። ጭነት ለሚፈልግ ሰው ስለማይሆን አልተከታተልኩትም።

ፈርንዴል ውስጥ ጋራዡን ዘግቶ በሩ ላይ ሥጋ የሚጠብስ መካኒክ አግኝቼ ኮፈኗን አስከፈትኩት፤ የደንበኛ ፒቲ ክሩዘር ቆማ ነበር። እስከዚያች ሰዓት የሰማሁት ሁሉ መልክ የያዘልኝ እዚህ ነው። ኮፈኑ ከላይ ጠባብ ነው። ከዚያ ከሚያምረው ሹል አፍንጫ ሥር ለሞተሩ የተረፈው ቦታ ትንሽ ነው፣ ሞተሩም ወደ ጎን ተጋድሟል። ባትሪው የት እንዳለ ጠየቅኩት። ጣቱን ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ቀሰረ፤ ባትሪው ከእሱ ሥር ነው። በሌላ መኪና አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ባትሪ መቀየር እዚህ ሳጥኑን ከማውለቅ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ የታይሚንግ ቺንጋውን ሽፋን አሳየኝ። በሽፋኑና በመኪናዋ ግድግዳ መካከል የእጄ መዳፍ በግድ ገባ። ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩን ከሥር ደግፎ የዚያኛውን ወገን ማሠሪያ መፍታት ያስፈልጋል። የውሃ ፓምፑም የሚሽከረከረው በዚሁ ቺንጋ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተፈታ ሁለቱን አብሮ መቀየር ነው ደንቡ። «ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሰዉን የሚያስለቅሰው የእጅ ዋጋው ነው» አለኝ። ፓምፑ ማፍሰስ ሲጀምር ወይም የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲደክም ሞተሩ ይግላል፤ ቸል ያለ ሰው ቴስታታው ይጣመምበታል። የታችኛው ብራቾ ጎሚኒዎችም ቶሎ ያልቃሉ፤ ጉብታ ላይ ሲወጡ ሲንቋቋ የሚሰማው እሱ ነው።

እኔ እንደማየው የሚወዱላትና የሚያማርሩባት ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዳው። ሴትዮዋን ያለ ሕመም የሚያስቀምጣቸው ቁመት ነዳጁን ያስጠጣታል። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ እንዲያይ ያደረገው አፍንጫ የመካኒኩን ክንድ ይልጣል። ስለዚህ «ጥሩ መኪና ናት ወይስ መጥፎ» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። ለምን ሥራ እንደምትፈለግና ጥገናዋን ማን እንደሚሠራ አውቆ መግዛት ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ የሠሪዋ ነገር ነው። ንድፉን ያወጣው ብራያን ኔስቢት ያኔ ገና ወጣት ነበር። መኪናዋ ፕሊመዝ በሚባለው ስም ልትሸጥ ታስባ ሳለ ስሙ ራሱ ስለተዘጋ ክራይስለር ተብላ ወጣች። በ2000 የጸደይ ወራት ገበያ ስትገባ ዋጋዋ ወደ 16,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሕዝቡ ተራ ይጠብቅ፣ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ይጨምር ነበር። የሰሜን አሜሪካ የ2001 የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች፣ ሞተር ትሬንድ መጽሔትም ያንኑ ማዕረግ ሰጣት። በ2001 በአሜሪካ ብቻ ከ140,000 በላይ ተሸጠች። እንዲህ የተወደደች መኪና ተተኪ ሳይወጣላት ቀረች። በ2006 ፊቷንና ዳሽቦርዷን ነካ ነካ አደረጉት እንጂ መሠረቷ ያው ነበር። ኩባንያው በዚያው ዘመን ከጀርመን ባለቤት ወደ ሌላ እጅ አለፈ፣ በ2009 ደግሞ ኪሳራ ውስጥ ገባ። በ2010 ጁላይ ሜክሲኮ ቶሉካ ያለው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ሲያወጣ በጠቅላላው ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። ያን ያህል ገዢ ወዶ ከነጉድለቷ የተናገረላትን መኪና አዟዟሯን አስተካክሎ፣ ሞተሯን አሻሽሎ እንደገና ማውጣት ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

ኔስቢት ወደ ጄኔራል ሞተርስ ተሻግሮ በሽቭሮሌት ኤችኤችአር ላይ ሠርቷል፤ የ1949 ሰብአርባንን መልክ የያዘች፣ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል የወጣች ዘመዷ ናት። አንዲት የኤችኤችአር ባለቤት በርሚንግሃም መግቢያ ላይ አነጋግሬአለሁ። ሞተሯ በቺንጋ ፈንታ ካቴና ስላለው ያ ሥጋት የላትም፣ ነዳጅም ትቆጥባለች። ነገር ግን መስኮቶቿ ጠባብ ናቸው፤ ወደ ኋላ ስትሄድ ሕፃን ቢቆም አይታይም ብላ ትሰጋለች። በ2014 በቁልፍ ማስነሻዋ ችግር ለጥገና ከተጠሩት መኪኖችም አንዷ ናት፤ እሷ አስቀይራለች። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይህን ማረጋገጥ አለበት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ያቺን የ2007 መኪና ልናይ ሄድን። የመካኒኩን ምክር አንድ በአንድ አንብቤለት ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ ደረስንና የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ ዝገት አልነበረበትም። ከዚያ በግቢው ጉብታ ላይ ቀስ ብሎ ሲያወጣት ከፊት ግራ በኩል ተንቋቋች። መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ ለመመለስ ሲሞክር መንገዱ አልበቃትም፤ «ይሄንማ ነግረኸኛል» አለኝ። ወንበሮቹን አውጥተን ከቤት ያመጣነውን የእንጀራ ካርቶን ደረደርን። ስድስት ከሥር፣ ስድስት ከላይ ተቀመጠ፣ ከፊት ወንበሩ ላይም ቦታ ተረፈ። የጋሼ ፊት ያኔ ፈካ።

ሜትሩ 98,000 ማይል ያሳያል። ጋሼ የቺንጋውን ደረሰኝ ጠየቀ፤ የለም። ተቀይሮ እንደሆነ ሲጠይቅም ሻጩ ከቀድሞው ባለቤት አልሰማሁም አለ። ጋሼ የቺንጋውን፣ የፓምፑንና የጎሚኒውን የእጅ ዋጋ ደምሮ ወረቀት ላይ ጻፈና ከተባለው ዋጋ ላይ ቀነሰው። ሻጩ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ ሰኞ ላስብበት አለ። መኪና ውስጥ ስንገባ ጋሼ፣ «ከዚህ አንድ ዶላር አልጨምርም። እንጀራው መንገድ ላይ ከሚቆም ካርቶኑን ጭኜ ሁለት ጊዜ ብመላለስ ይሻለኛል» አለኝ።