የቡና ብር ሲገባ ፒክአፕ ለመግዛት ላሰባችሁ

ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ጉንደላ፣ ስለ ኮምፖስትና ስለ አልጋ ላይ ማድረቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ነው። «የግብርና ባለሙያን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ። ቀይ እሸት ቡና ማደር አይወድም። በተለቀመበት ቀን፣ ቢቻል በ8 ሰዓታት ውስጥ፣ መፈልፈያ መድረስ አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይግላል፣ ይቦካል፤ የዓመት ልፋታችሁም ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና የመኪና ችግር ብቻ አይደለም፣ የቡና ችግር ነው።

በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ጥር የቡና ብር እጃችን ሲገባ ደላላም አብሮ ይገባል። በዚያ ወቅት ደግሞ መንገዱ ደርቋል፣ ማንኛውም መኪና ጎበዝ ይመስላል። አንድ የማውቃቸው አባት በጥር ወር ነጭ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ገዙ። አስፋልት ላይ ነድተው ሞከሩት፣ እንደ ውኃ ነው የሄደው። ሰኔ ሲገባ የፊት ጎማው እንደማይስብ ታወቀ። በጥቅምት 9 ኩንታል እሸት ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ሞቀ፣ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። እሸቱ እዚያው አደረ። በማግስቱ መፈልፈያው አልቀበልም አለ፤ ቤት ወስደው ጀንፈል አደረጉት፣ በረከሰ ዋጋም ሸጡት። መኪናው ደግሞ ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ሁለት ኪሳራ በአንድ ቀን!

እንግዲህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ መኪናውን በምትገዙበት ቀን መንገድ ሳይሆን በምትሠሩበት ቀን መንገድ መዝኑት። የጌራን፣ የሊሙን ወይም የዴዶን ቀይ ጭቃና ዳገት አስቡ። ከተቻለ ግዢውን እስከ ግንቦትና ሰኔ አቆዩት። ዝናብ ሐቁን ያወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀለም ይቀባል፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቆጣሪውን ትታችሁ የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን እጀታና የሹፌሩን ወንበር እዩ። እነሱ አይዋሹም።

የትኛው ይሻላል? የድሮዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ ጉልበታቸው ብዙ ባይሆንም ቀላል ናቸው፤ የአጋሮ መካኒክም ይፈታቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት እንደ 2ኬዲ ያሉት ባለ ተርቦ ሞተሮች የተሻለ ይስባሉ። ነገር ግን ኖዝላቸው ውኃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ አይታገስም። ናፍጣ ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ይሄን አትርሱ። በእኛ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ እንደሚቀንስም አስቡ፤ ጅማ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያልፋል። የሁለቱም ዓይነት ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጊያ አላቸው። መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በማስረጃ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ወዲያው ቀይሩ። ቺንጊያው ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

ሙከራ እንዲህ ነው። በጠዋት ሂዱ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውኃው ላይ ዘይት ካለ ተጠንቀቁ። ሲነሳም አረፋ እየቆየ የሚወጣ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ችግር አለበት። የሞቀ ራዲያተር ግን በፍጹም እንዳትከፍቱ፣ ፊት ያቃጥላል! ጭሱን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከሆነ ኖዝሉ ወይም የአየር ፊልትሮው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ካለ መካኒክ ሳያይ ብር አታውጡ።

ከዚያ ከሥር ግቡ። ባሌስትራ ተጨምሮበት ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል ማለት ነው። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ሻንሲው ተሰንጥቆ የተበየደ ቦታ ካለ ተዉት። ቀጥሎ ጭቃ መንገድ ላይ ፎር ዊሉን አስገቡ፣ በሎው ማርሽም ዳገት አስወጡት፤ የፊት ጎማው እየሳበ መሆኑን ሌላ ሰው ከውጭ ቆሞ ይይላችሁ። ይሄን ሙከራ ደረቅ አስፋልት ላይ እየጠመዘዛችሁ አታድርጉ፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይጎዳል። ተሳቢ ለመጎተት ካሰባችሁ ደግሞ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ጭነት ጭናችሁ ሞክሩ። መጎተት ቀላል ነው፣ ቁልቁለት ላይ መያዝ ነው ከባዱ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት 4 ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ይፈነዳል።

ወረቀቱም እንደ ሞተሩ ይፈተሽ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳሰል። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን እዩ። «በውክልና ንዳው፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን» የሚላችሁን እምቢ በሉ፤ ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ከሞተም ጣጣው ከወራሾቹ ጋር ነው። የጎረቤት ቡና በክፍያ ልትጭኑ ከሆነ ደግሞ ኮድ 2 ሰሌዳ የግል መሆኑን አስታውሱ፣ ለንግድ ኮድ 3 ነው።

በመጨረሻ ሒሳቡ። ያላችሁን ብር ሁሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ። ቢያንስ አምስት እጅ አድርጋችሁ አንዱን እጅ ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ። መኪናው በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራም ቁጠሩ። ለለቀማ ወራት ብቻ ከሆነ፣ ለሦስት ለአራት ሆኖ በውል መከራየት ይሻላል። ይሄ ድህነት አይደለም፣ ብልህነት ነው። ከባለቤታችሁ ጋር ሳትመክሩም ቀብድ አትስጡ፤ ያ ብር የእሷም የለቀማ ላብ ነው።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ናፍጣና ማዳበሪያ በጫነ ካሶኒ ላይ ሳታጥቡ ቡና አትጫኑ፤ ቡና ሽታ ይስባል። ከ10 ኩንታል በላይም አትመኙ። ሁለት ጊዜ መመላለስ አንድ ጊዜ ከመቆም ይሻላል።

ልትገዙ ያያችሁት መኪና ካለ የሞተሩን ዓይነት ጻፉልኝ፣ አብረን እንየው። መልካም የለቀማ ጊዜ!