ቺፕ የገባላት ፕሌይስቴሽንና የአሥራቱ ፖስታ



ስለ ጌም በቤተ ክርስቲያን ሲነገር እስከ ዛሬ የሰማሁት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት ነው። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ፕሌይስቴሽን ቤት ዋለ፣ ባል ከሥራ ሲመለስ ሚስቱን ሰላም ሳይል ጆይስቲክ ጨበጠ፣ የወጣቶች ጸሎት በኳስ ጌም ውድድር ምክንያት ባዶ ሆነ ይባላል። እውነት ነው፤ ብዙም ተሰብኮበታል፤ እኔም በእህቶች ኅብረት ተናግሬበታለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ጌሙ ራሱ ከየት መጣ? ማሽኗ ውስጥ የተጫኑት ስድሳና ሰባ ጨዋታዎች የማን ናቸው? በዚህ ጥያቄ ምክንያት አንድ ትዳር ሲንገጫገጭ በቅርብ ስላየሁ፣ ከመናገሬ በፊት ነገሩን ከሚያውቁት ጠይቄ ለመረዳት ሞክሬአለሁ።

ለማያውቁ ወላጆች መጀመሪያ ላስረዳ። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣት ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠች፣ በየሰፈራችን ጌም ቤቶችም ለብዙ ዓመታት የነገሠች ማሽን ናት። ኦርጅናሉ የጌም ዲስክ ሲሠራ በፋብሪካ ብቻ የሚደረግ፣ ተራ የዲስክ መቅጃ ሊገለብጠው የማይችል ምልክት ይቀመጥበታል። ማሽኗ ዲስኩ ሲገባላት ምልክቱን ትፈልጋለች፤ ካጣችው አልጫወትም ትላለች። ቺፕ የሚባለው እንግዲህ በማሽኗ ዋና ቦርድ ላይ በካውያ የሚበየድ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ሥራው "ምልክቱ አለ" ብሎ መመስከር ነው። ይህን ስሰማ የሐሰት ምስክር ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ግን "አንቺ ደግሞ ሁሉን ስብከት ታደርጊዋለሽ" አለኝ።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ካውያም ሳያስፈልግ የሚሠራበት መንገድ መጣ። በሚሞሪ ካርድ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ ማሽኗ ስትነሣ ቀድማ እርሱን ታነብባለች፤ ከዚያ በኋላ ጌሞቹ ያለ ዲስክ፣ ከሃርድ ዲስክ ወይም ከፍላሽ ይከፈታሉ። ወፍራሟ ማሽን በጀርባዋ የሃርድ ዲስክ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣችው ቀጭኗ ይህ ስለሌላት በፍላሽ ትጠቀማለች፤ የፍላሽ መግቢያዋ ግን የድሮ ዓይነትና ዘገምተኛ በመሆኑ በጨዋታው መካከል የሚመጡት ፊልሞች እየተቆራረጡ ይታያሉ። መጨረሻ ላይ የተሠሩት ቀጫጭኖች ደግሞ የሚሞሪ ካርዱን ዘዴ ጨርሶ አይቀበሉም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንድትሞክሩት አይደለም። ሥራው ችሎታ የሚጠይቅ፣ ሰው ተምሮት እንጀራ የሚበላበት ሙያ መሆኑን እንድታዩልኝ ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ደግሞ ቺፕ ያስገባ ሁሉ ሌባ አይደለም። አንድ ዘመዳችን ከጀርመን ማሽን ይዞ መጣ፤ አጎት ደግሞ ከአሜሪካ በገንዘቡ የገዛውን ኦርጅናል ዲስክ ለልጁ ላከለት። ዲስኩ እምቢ አለ። ለካ ኩባንያው ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ኖሯል፤ የአሜሪካው ዲስክ በአውሮፓው ማሽን ላይ አይሠራም። ሁለቱም ተገዝተዋል፣ ሁለቱም ኦርጅናል ናቸው፣ ልጁ ግን ያለቅሳል። እንዲህ ባለው ጊዜ ቺፕ ማን ላይ በደል ሠራ? በበኩሌ አንድም ሰው አይታየኝም። ሌንሷ ያለቀባት ማሽንም እንዲሁ ናት። ዲስክ ማንበብ አቅቷት ልትጣል ስትል ባለቤቱ የገዛቸውን ጌሞች በሃርድ ዲስክ ቢጭንላት፣ ያንኑ ንብረቱን ማዳኑ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሶኒ ቺፕ የሚሸጥ አንድ ሰው ከሶ ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዳኞቹ ለቺፕ ሻጩ ፈርደዋል። ከዚያ በኋላ ግን የአገሪቱ ሕግ ተለውጦ ጠበቀ። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕጋችሁ ቁልፉን ማለፍ በራሱ ክልክል እንደ ሆነ እወቁ። ጋሪ ባውዘር የተባለ ካናዳዊ፣ የኒንቴንዶን ማሽኖች ቁልፍ የሚያልፉ ዕቃዎችን ይሸጥ በነበረ ቡድን ውስጥ ስለ ሠራ እ.ኤ.አ. በ2022 በሲያትል የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በሕግ የያዘ ሰው ቢጠፋብኝ ወይም ቢበላሽብኝ ብሎ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ኦርጅናሉን በሕግ የያዘበት መብት ሲያበቃ ግን ቅጂውም መጥፋት አለበት። ሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ይህ አሳብ ግን ለእናትም ይገባል። ልጆቹ "ባክአፕ ነው" ይላሉ። የምን ባክአፕ? መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው መጠባበቂያ ጎማ ተሸክሞ ቢዞር፣ ከየት አመጣኸው አይባልም?

አሁን ወደ ትዳሩ። አንዲት እህት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ቀስ ብላ መጥታ "እትዬ፣ ትንሽ ላናግርዎ" አለችኝ። ባሏ ጌም ማሽንና ሞባይል ይጠግናል፤ ጸባዩ የተመሰገነ፣ በዲያቆናቱ ዘንድም የሚታወቅ ወንድም ነው። የቤቱን ሒሳብ የምትጽፈው እርስዋ ናት። ዘዳግም 23 ላይ ስለ ረከሰ ዋጋ የተጻፈውን ካነበበች ወዲህ የአሥራቱን ፖስታ መስጠት አቁማ ሦስት ወር ሆኗታል። ባሏ ይህን ያወቀው ፖስታዎቹን በቁም ሣጥን ውስጥ ሲያገኛቸው ነው። "ሚስቴ እንደ ሌባ ታየኛለች" ብሎ ራቱን ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ይኖራሉ። "እናውጣ ወይስ አናውጣ?" ብላ የሒሳብ ደብተሯን ጭኔ ላይ አደረገችው።

ስለ አሥራቱ መልስ ሳልሰጥ ደብተሩን ገለጥሁት። ሌንስ መቀየር፣ ጆይስቲክ መጠገን፣ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ደግሞ "ጌም መጫን"፣ "ጌም መጫን"፣ "ጌም መጫን"። ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይህ ነበር። የቤት ኪራዩም የልጁም ትምህርት ቤት የሚከፈለው በእርሱ ነው። ዘዳግም 23 የተናገረው ስለ ምን ዓይነት ዋጋ እንደ ሆነ ክፍሉን ይዤ አስረዳኋት፤ ያንን ቃል አውጥቶ በጥገና ሠራተኛ ላይ መወርወር ተገቢ አይደለም። እርስዋን የሚመለከተው ሉቃስ 3 ይመስለኛል። ቀራጮችና ወታደሮች ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ የቀረጡን ጠረጴዛ ገልብጡ፣ ሰይፉን ጣሉ አላላቸውም። ሥራውን ተወላቸው፤ በሥራው ውስጥ የተደበቀውን ዝርፊያ ግን ነጥሎ አወጣው። የዚህችም እህት ደብተር እንደዚያ በሁለት ዓምድ ሊከፈል ይችላል። ቀኝና ግራ አድርጋ እንደገና እንድትጽፈውና ከባሏ ጋር እንድታየው ነገርኋት። "አብራችሁ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄደ። ስለ አሥራት አንድም ቃል ሳይናገር ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ሲያይ ዋለ። ወንድማችን ራሱ ነው ያነሣው። "ጋሼ፣ እኔ ከማን ኪስ ወሰድሁ? ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ጌሙን ልግዛ ብል የሚሸጥልኝ የለም። በኢንተርኔት ያለው መደብራቸው ኢትዮጵያን በአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ብሬን የሚቀበል ማን ነው?"

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ኩባንያው የማሽኗን ምርት ማቆሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ነው፤ ስለ መደብሩም የተናገረው ትክክል ነበር። ከድሃ አገር ልጅ ዘንድ በሩን ዘግቶ "አትስረቅ" ብሎ መጮኽ ለሀብታም ይቀላል። ቢሆንም አይሸጥልኝም ማለት የእኔ ሆነ ማለት አይደለም። ናቡቴም የወይን ቦታውን አልሸጥም ብሎ ነበር፤ አክዓብ ያውም ዋጋ አቅርቦ ነበር። ወንድማችንን አክዓብ ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በጌም ምክንያት የሞተ ሰው የለም! ግን ባለቤቴ ያነሣለት ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም የዘማሪዎቻችን ጉዳይ ነው። ዘማሪዋ ተበድራ ካሴት ታወጣለች፣ በሳምንቱ በየሱቁ ተቀድቶ ይሸጣል፤ እኛም በመድረክ ላይ ይህ ስርቆት ነው ብለን እንጮኻለን። የዝማሬውን ለዘማሪዋ መዝነን የጌሙን ለጃፓናዊው በሌላ ሚዛን ልንመዝን ነው? ጌሙንም ቢሆን ደመወዝተኞች ተቀምጠው፣ ዓመታት ፈጅተው ነው የሠሩት። ወንድማችን ዝም ብሎ ካውያውን ነቀለ።

ዋናው ውጊያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ "እናቲቱ" የሚሏት ሃርድ ዲስክ አለች፤ ለደንበኛ የሚጫነው ጌም ሁሉ የሚቀዳው ከእርስዋ ነው። በዓመታት የተሰበሰበች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጌሞች የያዘች ናት። መጫን ሊያቆም እንደ ሆነ ሲሰማ ጎረቤቱ ያለው ባለ ሱቅ ሊገዛት ጠየቀ፤ የሰጠው ዋጋ የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ይሸፍናል። ባል ሽጦ ለመገላገል ፈለገ፤ ሚስት ደግሞ "በሌላ ሰው እጅ ያው ሥራ ሊቀጥል?" ብላ ተከራከረች። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ልቤ ለእርሱ አዘነ። ደብተሩን አይቻለሁና የዚያን ወር ከየት እንደሚሞሉት አላውቅም ነበር። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሲመልስ የበደላቸውን ሰዎች በመልክ ያውቃቸው ነበር፤ ቤታቸውም ኢያሪኮ ውስጥ ነው። ወንድማችን "ለቶኪዮ ምን ብዬ ልላክ?" ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቴ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። በእነዚያ ሰዎች ቤት ከስንት ሳምንት በኋላ የተሰማ ሳቅ ነበር። ያልታወቀውን ሰው ፈልጎ መካስ ባይቻል፣ ከእርሱ የተወሰደውን ዳግመኛ አለመሸጥ ግን ይቻላል ብለን ተነጋገርን፤ ጸለይን፤ ወሰኑ ብለን ሳናስገድድ ወጣን።

ከአራት ቀን በኋላ ዲስኳን ባዶ አደረጋት። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እንደ ነበር፣ ሥራው ከተገመተው በላይ ፈጥኖ እንዳለቀ፣ "ይኼው ነው?" ብላ እንደ ደነገጠች ነግራኛለች። ሦስቱን ፖስታዎች አንድ ላይ አመጧቸው። ውስጡ ከየትኛው ዓምድ የወጣ እንደ ነበር አልጠየቅሁም። የኪራዩን ጉድለት ሽማግሌዎቹ ሰምተው ለአንድ ወር ያህል በብድር ረዱት፤ ብድሩንም እየከፈለ ነው።

ጥያቄዎቹ ሁሉ አላለቁም። አስቀድሞ ቺፕ የገባላት፣ በተቀዳ ጌም የተሞላች ማሽን ለሌንስ ጥገና ስትመጣ ይመልሳት ወይስ ይሥራት? ሚስቱ ትመለስ ባይ ነች፤ እርሱ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ደንበኛው ይጠየቅበት ይላል። እኔ ወደ እርሱ አዘነብላለሁ። ንዕማን ከተፈወሰ በኋላ በጌታው ሥራ ምክንያት በሬሞን ቤት ስለሚገጥመው ነገር ኤልሳዕን ሲጠይቅ፣ ነቢዩ ሸክም አልጨመረበትም፤ በሰላም አሰናበተው። ባለቤቴ ክፍሉን እዚህ ድረስ መጎተት የለብሽም ይለኛል፤ በዚህ ገና አልተስማማንም።

በሱቁ በር ላይ አሁን "ጥገና ብቻ፤ ጌም አንጭንም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጆቹ አንብበውት ይገቡና "ታዲያ የት ነው የሚጫነው?" ብለው ይጠይቁታል። ጎረቤቱን አያሳያቸውም፤ ጎረቤቱ ግን ድምፅ ሰምቶ ራሱ ብቅ ይላል።