በገና በሳሎናችን

በገና 10 አውታር አለው፤ ንዝረቱም የሚወጣው በብርኩማውና በአውታሮቹ መካከል ከሚገቡት፣ እንዚራ ከሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎች ነው። በዐቢይ ጾም ማታ በኢንተርኔት በድምፅ ማጉያ ስናሰማው ግን ንዝረቱ እየሾለ እናታችንን ጆሮአቸውን ይወጋቸው ጀመር፤ «ይህስ በገና አይደለም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። እርሳቸው የማይሰሙት መዝሙር ለቤታችን ምን ይረባል?

መሣሪያ ከመለወጥ አስቀድሞ ቤቱን መመልከት ይገባል። ባዶ ግድግዳ፣ መስተዋትና የሴራሚክ ወለል ቀጭኑን ድምፅ መልሰው ይወረውሩታል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግን ይውጡታል። እኛም ምንጣፍ አነጠፍን። ቀጭን ድምፅ ፊት ለፊት ይበረታልና ማጉያዎቹን ከመቀመጫቸው አቅጣጫ ጥቂት ዘወር አደረግናቸው። በስልኩም ማስተካከያ ቀጭኑን ድምፅ በ3 ዴሲቤል ቀነስነው፤ ከዚያ ይበልጥ ቢቀንሱት የእንዚራው ንዝረት ራሱ ይደበዝዛል።