የቆቃ ዓሣና የበረዶው ሣጥን

ለመሆኑ ከገበያ የገዙት ዓሣ ከሐይቅ ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት በፀሐይ እንደቆየ ጠይቀው ያውቃሉ? ይህን በዓይናችን ለማየት በዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ ወደ ቆቃ ወርደን ነበር።

ቆቃ ከአዲስ አበባ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሞጆ ደርሰው ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ሲታጠፉ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ይቀበልዎታል። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓላማው የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር፤ ይሁን እንጂ ቆሮሶና አምባዛ እየተሰገሩበት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ።

በሐይቁ ዳር ያገኘናቸው አንዲት የአራት ልጆች እናት ባለቤታቸው ሌሊት የጣሉትን መረብ ሰብስበው ሲመለሱ ይጠብቁ ነበር። ጀልባዋ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት። እንቦጩን እየገፋች ዳር ስትደርስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ የነጋዴው መኪና የመጣው ግን 6 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያው ዓሣው እርጥብ ሣር ለብሶ ከጀልባዋ ወለል ላይ ተኝቷል። ነጋዴው ስንጥቡን ገልጦ አየና ዋጋውን ቀነሰ። «የምንከስረው ዓሣው ሲጠፋ ብቻ አይደለም ልጄ፤ መኪናው ሲዘገይም ነው» አሉን።

እኚህ እናት የዕቁብ ገንዘብ ደርሷቸዋል። ገንዘቡ ለመስከረም የልጆች ደብተርና ልብስ የታሰበ ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ አዳማ ያዩትን ትልቅ የበረዶ ሣጥን ይፈልጋሉ። ሴትዮዋ ሣጥን መግዛቱን አልጠሉትም፤ ነገር ግን የጀልባዋን ወለል በገመድ ለክተው ያዙ። «አንተ፣ ይህን የሚያህል ሣጥን ተሸክመን መረቡን የት ልናደርገው ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ሣጥን በዓሣና በበረዶ ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኩንታል ይጠጋል፤ ጀልባዋም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች አደጋ ነው። በመሆኑም ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ይሻላሉ፤ ከመካከል ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሲከፈት የሌላው ቅዝቃዜ አይባክንም።

ሲመርጡ ቀለሙ ነጭ፣ ግድግዳው ወፍራምና በመካከሉ ፎም የተሞላ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚገጥም፣ ከታችም የቀለጠ ውሃ ማውጫ ያለው ይሁን። ተራው የፎም ሣጥን ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ይሰበራል፤ ሽታውንም ማጽዳት ያስቸግራል።

ሣጥን ብቻውን ግን አያቀዘቅዝም። በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለን አንድ ኪሎ ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ ሩብ ኪሎ ያህል በረዶ ይበቃል። ይሁን እንጂ ሙቀት በግድግዳውና በክዳኑ ስለሚገባ በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይመከራል። በረዶው በንጹሕ ውሃ እንጂ በሐይቁ ውሃ አይሠራ። በሚገባ በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ያለ በረዶ ግን በሙቀት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ በአንድ ትንሽ ሣጥን ለመጀመር ተስማሙ። የዕቁቡ ግማሽ ለልጆቹ ተቀመጠ። «እስከ መስከረም ወጪውን ከመለሰ ሁለተኛውን እንገዛለን፤ ካልመለሰም ልጆቼ ባዶ እጃቸውን ትምህርት ቤት አይሄዱም» አሉ እናት። በረዶውንም ፍሪጅ ካላቸው ጎረቤት በላስቲክ ጠርሙስ ለማስያዝ አስበዋል።

እርስዎስ እህቴ፣ ዓሣ ሲገዙ ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆኑን ይመልከቱ። በበረዶ የመጣ ዓሣ ጥቂት ብር ቢጨምር ቶሎ አይማረሩ። ያች ጭማሪ የአንዲት የቆቃ እናት ሣጥን፣ የልጆቿም ደብተር ልትሆን ትችላለች፤ ለእርስዎ ቤትም ጤና ናት።