አዲስ ጎጆ በኡፕሳላ

ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ዩኒቨርሲቲዋም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1477 ዓ.ም. የተመሠረተ የስዊድን ከተማ ናት። በቤተ መጻሕፍቷ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ የጥንት የጎታውያን ወንጌል ይጠበቃል፤ ብራና ሲፋቅ እያየ ላደገ ሰው ይህ ብቻውን መንገዱን ያስረሳል።

ወደዚያ ለትምህርት የሄድነው ከተጋባን ሦስት ወር ሳይሞላን ነው። በአገራችን አዲስ ጎጆ የሚቆመው በብዙ ሰው ትከሻ ነው፤ ጎረቤት ቡና ይጠራል፥ ባልና ሚስት ቢኰራረፉም የነፍስ አባት ሳይጠሩ ይደርሳሉ። በዚያ ግን ያለን አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ነበረ። ልብስ እንኳ የሚታጠበው በሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ቤት አስቀድሞ ተራ ተይዞ ነው።

የከበደን ጨለማው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ስለ ሆነ፥ ጾመ ነቢያትን እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ሌሊቱ ከማዕዱ ቀድሞ ይደርሳል። ከሁለታችን አንዱ ሻንጣ አውጥቶ «ልመለስ» ያለው በዚያ ወር ነው፤ ማን እንደ ሆነ አንናገርም።

ከዚያ ወዲህ የተቀያየምንበትን ነገር ማዕድ ሳይቀርብ መነጋገርን ልማድ አደረግን። አስታራቂ ስላልነበረን አንዱ ሲናገር ሌላው እንደ ሽማግሌ ጋቢ ደርቦ፥ ቃል ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ጋቢው መጀመሪያ ያስቅ ነበር፤ ሳቁም ጠቀመን።

በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ትቆያለች። ፈተና ጨርሰን በፊሪስ ወንዝ ዳር ስንመላለስ ራታችንን እንረሳ ነበር።