ማዕድና ጸሎት በኢየሩሳሌም፦ ቤተሰብ ይዘው ለሚመጡ ተሳላሚዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ለትንሣኤ ከነቤተሰቧ መጥታ በከተማው ቤት ተከራየች። ባሏን፣ ሦስት ልጆቿንና አማቷን ስትመግብ፣ ለእኛም ትኩስ ዳቦ እየጋገረች ስትልክ ሰሙነ ሕማማት አለፈ። ልትሰናበተን በመጣች ጊዜ «አባቶቼ፣ ጎልጎታን የተሳለምሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በቀረው ምድጃ ፊት ቆሜ ዋልሁ» ብላ አለቀሰች። ዳቦውን ባርከን ስንቈርስ የጋገረችው እናት ከጸሎት መጉደሏን አላስተዋልንምና አፈርን። የማርታንና የማርያምን ነገር ዓመት ከዓመት እያስተማርን ማርታን ከደጃችን አላወቅናትም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ይኸው ነው።

አስቀድሞ ስለ ማደሪያው እንናገር። በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ የሚያድር ሰው ለዴር ሱልጣንና ለጎልጎታ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብና ደረጃ የበዛበት ስለሆነ የገበያውን ዕቃ በትከሻው ይሸከማል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባስጀመሩት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው በደብረ ገነት አካባቢ የሚያድር ደግሞ ወደ ማኀኔ ይሁዳ ገበያ በእግሩ ይደርሳል። ቤት ስትከራዩ ምድጃና ማቀዝቀዣ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም ሥርዓት ጠይቁ። ሕጋቸውን የሚጠብቁ አይሁድ የሥጋውን ዕቃ ከወተቱ ዕቃ ለይተው ያኖራሉና ድስታቸውን ሳታውቁ እንዳታሳዝኗቸው።

ከአገር ስትነሡ ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና በሶ ያዙ። እኛ በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን ይህን የመሰለ ደረቅ ስንቅ ስንት መንገድ እንዳሻገረን እናውቃለን። በሶ እሳት አይሻም፤ ሽሮም ውኃው እስኪፈላ ካልሆነ በቀር ብዙ አያስጠብቅም። ምስርና ሽንብራ፣ ተምርና ወይራ ግን እዚሁ በየገበያው ስለሚገኝ ሸክም አታብዙ።

ቀኑንም ዕወቁ። የአይሁድ ሱቆች ዓርብ ከቀትር በኋላ ተዘግተው የሚከፈቱት ቅዳሜ ማታ ነው። በፋሲካቸው 7 ቀን ደግሞ እርሾ የገባበት ዳቦ በሱቆቻቸው አይሸጥም። በ2017 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማታችን ከዚህ ሳምንት ጋር በአንድነት ስለ ዋለ ዳቦ አጥተው የተንከራተቱ ተሳላሚዎች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን በደማስቆ በር በኩል ወደ ዐረቦቹ ገበያ ውረዱ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት መሳይ ዳቦ በጋሪ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ጋጋሪ ወተት ስለሚጨምርበት ግን ሳትጠይቁ አትግዙ።

የሰሙነ ሕማማት ሥርዓት ራሱ የወጥ ቤቱን ሥራ ያቀልላል። ጸሎቱ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓትና በሠርክ ይደርሳል፤ ምግቡም ከሠርክ በኋላ የሚቀመስ ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምድጃ የሚያነድደው ማን ነው? ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን የንስሐ አባታችሁን አማክራችሁ የምስር ወጥ ማታ ቀቅላችሁ አኑሩ፤ በማግሥቱ ማሞቅ ብቻ ይበቃል። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ስንዴና ባቄላ ረቡዕ ማታ ዘፍዝፉት፤ ሳይዘፈዘፍ የተጣደ እንደ ሆነ የሕጽበተ እግሩን ሥርዓት ያስቀርባችኋል። ለመግደፊያ የሚሆነውን ዕንቍላልና ቅቤ እስከ ሐሙስ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ቅዳሜ ሌሊት በዴር ሱልጣን ጧፍ ተይዞ ሲዞር ሱቅ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥራውን መከፋፈል ነው። በገዳም አንድ መነኵሴ ዘወትር ሲያበስል፣ ሌላው ዘወትር ሲቀድስ አይኖርም፤ ተራ አለ። በእናንተም ቤት አባት ገበያ ቢወርድ፣ ልጆች ዕቃ ቢያጥቡ፣ አያት ሕፃን ይዘው ቢቀመጡ ማን ይጎዳል? ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ የመጣችሁ እንደ ሆነም ድስቱን አንድ አድርጉ፤ በየቀኑ የአንዱ ቤት ተራ ይሁን።

ለእናንተም፣ አብራችሁን ለምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ የምንለው አለን። ተሳላሚ እናት ምግብ ይዛ ስትመጣ ከመቀበላችን በፊት «ዛሬ የትኛውን ቦታ ተሳለምሽ?» ብለን እንጠይቃት። ገና ነኝ ካለች ሰሐኑን ተቀብለን ከቤተሰቧ ጋር መንገዱን እናሳያት። እኛ ዳቦ ባንበላ ጾም ነው፤ እርሷ ግን ይህን መንገድ ዳግመኛ ላታገኘው ትችላለች።

ያቺ እናት እንደ ገና እንድትመጣ እንጸልያለን። በመጣችም ጊዜ እሳቱን የምናነድደው እኛ ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።